ከስቴት ውጭ ያለ የግል ዩኒቨርሲቲ፦ ለእኛ ቤት የሚቀመስ ዋጋ ይገኛል?

የሦስት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) — ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025

ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ከየኮሌጁ የሚላክላት ወረቀት መሶቡ ላይ ተቆልሎ፣ እንጀራ ለማውጣት መጀመሪያ እሱን ማንሳት የዕለት ሥራችን ሆኗል። ልቧ ያረፈው በሁለት የግል ኮሌጆች ላይ ነው፤ አንዱ ኦሃዮ ነው፣ አንዱ ፔንሲልቬኒያ። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ እያለን የአንደኛውን የዓመት ወጪ አሳየችኝ። ከ79 ሺህ ዶላር በላይ ይላል። ስኒውን መልሼ ረከቦቱ ላይ አስቀመጥኩት።

የእኔና የባለቤቴ ገቢ ተደምሮ ከታክስ በፊት በዓመት 92 ሺህ ዶላር ነው። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ እሱ ያሽከረክራል። ከእሷ በታች ሁለት ልጆች አሉን። አዲስ አበባ ያለችውን እናቴንም በየወሩ እንረዳለን።

ጎረቤቴ «ከስቴት ውጭ ከሆነ እጥፍ ነው የሚያስከፍሏችሁ፤ እዚሁ ሜሪላንድ አስተምሯት» አለችኝ። እውነት የሜሪላንድ ልጅ በመሆኗ የኦሃዮ የግል ኮሌጅ ጨምሮ ያስከፍላታል? «አይሆንም» ከማለቴ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ። እስከ እኩለ ሌሊት ስታጠና «መብራቱን አጥፊና ተኚ» እያልኩ አራት ዓመት የተጨቃጨቅኳት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ልፋት በቅጡ ባላጣራሁት ወሬ ልዘጋባት አልፈልግም።

---

የቢሮው ሰው (ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ) — ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025

እህቴ፣ በአንድ የግል ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ጥያቄ ከእኛ ሰው የሰማሁት ቁጥር ስፍር የለውም፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ጎረቤትዎ የነገሩዎት ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እውነት ነው። የመንግሥቱን ዩኒቨርሲቲ የስቴቱ ግብር ከፋይ ስለሚደጉመው፣ ከሌላ ስቴት የመጣው ልጅ ድጎማው አይደርሰውም። ኮሌጅ ቦርድ ለ2024–25 ያወጣው አማካይ የትምህርት ክፍያ ልዩነቱን በደንብ ያሳያል፦ ለስቴቱ ነዋሪ 11,610 ዶላር፣ ከስቴት ውጭ ለመጣ 30,780 ዶላር። የግል ኮሌጅ ግን ከስቴቱ ግብር የሚደጎምበት ነገር ስለሌለ የልጅዎን አድራሻ አይቶ ዋጋ አይጨምርም። የክሊቭላንዱም ልጅ የሲልቨር ስፕሪንጓም ልጅ የሚያዩት ዋጋ አንድ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። ያ 79 ሺህ የተለጠፈ ዋጋ እንጂ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ለትርፍ ያልቆሙ የግል ኮሌጆች አዲስ ከሚገቡት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻቸው የትምህርት ክፍያ ላይ በአማካይ ከግማሽ በላይ ይቀንሳሉ። መርካቶ የመጀመሪያውን ዋጋ ከፍሎ የሚወጣ ሰው እንደሌለ ሁሉ እዚህም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ መርካቶ በአፍ ይከራከራሉ፣ እዚህ በሰነድ ነው።

ዛሬ ማታ ሥራ ካልገቡ ልጅዎ አጠገብ ይቀመጡና የሁለቱን ኮሌጆች ድረ ገጽ ይክፈቱ። «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» የሚባል ማስያ አለ፤ ከ2011 ጀምሮ በሕግ ግዴታቸው ነው። የ2024 የታክስ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሙሉት። የሚወጣው ቁጥር ግምት ቢሆንም ከጎረቤት ወሬ እጅግ ይሻላል።

የስቴት ጉዳይ ጨርሶ አይመጣም ማለቴ ግን አይደለም። በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛ፣ አንዳንድ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ለአካባቢያቸው ልጅ ያደላሉ፤ ዱክ ገቢያቸው ከ150 ሺህ ዶላር ለማይበልጥ የሰሜንና የደቡብ ካሮላይና ቤተሰቦች ከ2023 ጀምሮ የትምህርት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ሁለተኛ፣ ስቴት የሚሰጠው የራሱ ድጋፍ በአብዛኛው ድንበር አይሻገርም። ቨርጂኒያ ለግል ኮሌጅ ተማሪ የምትሰጠው ድጎማ ቨርጂኒያ ውስጥ ለሚማር የቨርጂኒያ ነዋሪ ነው። የሜሪላንዱም ኦሃዮ ድረስ አይከተላትም። ከስቴት ስትወጣ የምታጣው ይህን ነው፤ ሲያሰሉ ያስገቡት።

---

አሽከርካሪው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) — ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025

የቢሮው ወንድማችን የተናገረው ትክክል ነው፤ ግን ያልተናገረውን እኔ ልጨምር፤ ከፍዬበታለሁና።

የበኩር ልጄ ከስቴት ውጭ አንድ የግል ኮሌጅ ገባ። ስሙን አልጠራም። ደብዳቤው ሲመጣ በዓመት 28 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ይላል፤ ቤታችን ሠርግ ሆነ፣ እናቱ ለጎረቤት ዳቦ ደፋች። ከደብዳቤው ሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ግን ማንም አላነበበም። በየዓመቱ አማካይ ነጥቡ ከ3.0 በታች ከወረደ ይቀራል ይላል። ልጄ ኢንጂነሪንግ ነበር የሚያጠናው። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ 2.87 አመጣ። ስኮላርሺፑ ተነሣ። አንድ ኮርስ ደግሞ እንዲያሻሽል በስልክም በአካልም ለመንን፤ «ፖሊሲው ነው» አሉን። ለሁለተኛው ዓመት የመጣውን ደረሰኝ መኪና ውስጥ ከፍቼ አይቼ፣ ያን ቀን አንድም ተሳፋሪ ሳልጭን ተመለስኩ።

ልጁ ወደ ቤት ተመልሶ ኖቫ ገባ። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን እዚህ ሁሉም ኖቫ ነው የሚለው። በኖቫና በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ባለው ስምምነት መሠረት የተባለውን ነጥብ አሟልቶ ተሻገረ። ዛሬ ተመርቆ ይሠራል። የዚያ የአንድ ዓመት ብድር ግን አሁንም በስሙ አለ።

እህቴ፣ ልጅሽ ጎበዝ መሆኗን አልጠራጠርም። የእኔም ጎበዝ ነበር። ልጅ 18 ዓመት ሞልቶት ከቤት ሲወጣ የመጀመሪያው ዓመት ይከብደዋል። ገንዘቡ በዚያ በከበደው ዓመት ላይ ከተንጠለጠለ አደጋ ነው።

---

የሦስት ልጆች እናት — ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ አሽከርካሪ፣ የነገሩኝን ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ ዝም ብሎ ቆየና «ትንሹን ፊደል እኔ አነባለሁ» አለ።

ማስያውን ሞላነው። የኦሃዮው 19,400 ዶላር አለ። የፔንሲልቬኒያው 38 ሺህ። የተለጠፈው ዋጋ ደግሞ የፔንሲልቬኒያው ነው የሚያንሰው! ያው የእኛው ገቢ ነው፣ ያችው ልጅ ናት። እንዴት ይሆናል?

---

የቢሮው ሰው — ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025

የጥያቄዎ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። የግል ኮሌጆች ገንዘብ የሚሰጡበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ በችግር፣ አንዱ በውጤት። አንዳንዶቹ «ቤተሰቡ መክፈል የማይችለውን በሙሉ እንሸፍናለን» የሚሉ ናቸው፤ የኦሃዮው ከእነሱ ወገን ይመስላል። ሌሎቹ በልጁ ውጤት ለክተው የተወሰነ ስኮላርሺፕ ይሰጡና የቀረውን ለእናንተ ይተዉታል። የጋሼ ልጅ የደረሰበት የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ነው። በችግር የሚሰጠው በየዓመቱ በገቢ ስለሚታደስ፣ ልጅቷ ወደሚቀጥለው ዓመት እስካለፈች ድረስ በአንድ ነጥብ ከፍና ዝቅ አይነሣም። ስለዚህ «ስንት ሰጡ?» ከሚለው እኩል «በምን መለኪያ ሰጡ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሀብታሞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው በችግር ነው የሚሰጡት፤ የሚሰጡትም ብዙ ነው። ፕሪንስተን ከ2025–26 ጀምሮ ገቢያቸው እስከ 150 ሺህ ዶላር ለሆነ ለአብዛኞቹ ቤተሰቦች ትምህርቱንም መኖሪያውንም ምግቡንም ይሸፍናል። እዚያው ሜሪላንድ ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ በ2018 ከማይክል ብሉምበርግ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ለተማሪዎች ድጋፍ ተቀብሏል። መግቢያው ግን ጠባብ ነው። ልጅ እነሱ ላይ ብቻ ተስፋዋን እንድትጥል አልመክርም፤ ሁለት ሦስቱን ትሞክር፣ የቀረውን ከእነሱ ዝቅ ካሉት ለጋሶች ትሙላው።

ድጋፍ ለመጠየቅ የሚሞላው ሰነድ ሁለት ነው። ፋፍሳ የፌዴራሉ ነው፤ እስከ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፣ ነጻ ነው። ብዙ የግል ኮሌጆች ግን ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውንም ይጠይቃሉ። እሱ ያስከፍላል፤ ገቢያቸው እስከ 100 ሺህ ዶላር ለሆነ ቤተሰብ ግን ነጻ ስለሆነ እናንተ አትከፍሉም። ፕሮፋይሉ ጠለቅ ብሎ ይጠይቃል። ፋፍሳ የምትኖሩበትን ቤት አይቆጥርም፤ ፕሮፋይል የሚጠይቁት ብዙዎቹ ኮሌጆች ይቆጥራሉ። ባለቤትዎ በራሱ ስም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከታክሱ ላይ የቀነሰውን የመኪና እርጅና አንዳንዶቹ መልሰው ይደምሩበታል። ባለ ታክሲዎች «ገቢያችን ይህን አያህልም» ብለው የሚደነግጡት በዚህ ነው።

---

ከአውሮራ (ኮሎራዶ) — ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025

ስለ ቤት ከተነሣ፦ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ወይም ቤት ያላችሁ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። የምትኖሩበት ስላልሆነ በፋፍሳም እንደ ንብረት ይቆጠራል፤ አገር ቤት መሆኑ አያድነውም። ብዙ ሰው «ማን ያያል?» ብሎ ይተወዋል። ሰነዱን የምትፈርሙት እውነት ነው ብላችሁ ነውና አትተዉት። እኛ አስመዝግበናል፤ የፈራነውን ያህልም አልጎዳን።

መጠየቅ ያለባችሁ ግን ምንዛሪውን ነው። ዋጋው የሚጻፈው ሰነዱን በምትሞሉበት ቀን ባለው ነው። ባለቤቴ ግምቱን ያወጣው ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነበር። ከጁላይ 2024 መጨረሻ ወዲህ ብር በገበያ ሲመነዘር ከ100 አልፏል። ያንኑ የብር ግምት በአዲሱ ምንዛሪ ስናሰላው በዶላር ከግማሽ በታች ሆነ። ብሩም ጨምሮ እንደሆነ የአካባቢውን ዋጋ እንደገና አስጠየቅን፤ ጨምሯል፣ ግን ያንን ያህል አይደለም። በአሮጌው ሂሳብ አስገብተን ቢሆን ኖሮ በሌለን ሀብት ልጃችን ትቀጣ ነበር።

---

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ (አዮዋ) — ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025

እትዬ፣ ይቅርታ በመሐል ገባሁ። እኔ ከሲያትል ወጥቼ አዮዋ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የግል ኮሌጅ የምማር ልጅ ነኝ። ቤተሰቤ በዓመት ከአራት ሺህ ዶላር ያነሰ ነው የሚከፍለው። ከቤቴ አጠገብ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ይወደድብን ነበር፤ መጀመሪያ ስነግራቸው አባቴ አላመነኝም።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ወላጆች ስለ ክዌስትብሪጅ ልንገራቸው፤ ገቢያቸው ዝቅ ያለ ጎበዝ ልጆችን ከኮሌጆች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ለአራት ሰው ቤተሰብ ገቢው ከ65 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ ጎበዝ ልጅ ነው በአብዛኛው። ማመልከቻው በዚህ በሴፕቴምበር መጨረሻ ይዘጋል፣ ውጤቱ ዲሴምበር 1 ይነገራል፣ የተመረጠ ልጅ የአራት ዓመት ሙሉ ወጪው ይሸፈንለታል። የእርስዎ ገቢ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም አምስት ሰው ስለሆናችሁ ጠይቀው ቢያዩት አይጎዳም።

ማንም ያልነገረን ግን የጤና መድኅን ነው። በቤተሰቤ የዋሽንግተን ስቴት ሜዲኬድ ነበረኝ። እዚህ ስደርስ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር አይሠራም። ኮሌጁ ደግሞ መድኅን የሌለውን ተማሪ በራሱ መድኅን በቀጥታ ይመዘግበዋል። ነሐሴ ላይ ሂሳቤን ስከፍት ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ተጨምሮበት አየሁ፤ መኝታ ክፍሌ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ለእናቴ ደወልኩ። ቢሮ ሄጄ ስለምን በከፊል ከድጋፉ ሸፈኑልኝ። ልጅዎ የእርስዎ የሥራ ቦታ መድኅን ካላት፣ ኦሃዮ ውስጥ የሚቀበል ሆስፒታል እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ። ከተቀበለ የኮሌጁን መድኅን አልፈልግም የሚል ቅጽ አለ፤ ቀኑ ካለፈ ግን ገንዘቡ አይመለስም።

የክረምት ልብስም አለ። የምስጋና ቀን ዕረፍት ላይ ዶርም የሚዘጋ ከሆነ የት እንደምታድር ያስቡ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ዴሞይን ያሉ አንዲት የሀበሻ እናት ቤት ነው የከረምኩት፤ በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው ያገኘኋቸው። ዶሮ ወጥ ሠርተው ጠበቁኝ።

---

የሚኒሶታው (ሴንት ፖል) — ሴፕቴምበር 12 ቀን 2025

አጭር ነገር ልጨምር። በመካከለኛው ምዕራብ የምትኖሩ ከሆነ የስቴቶቹ የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም አለ። ከእኛ ከሚኒሶታ ወጥቶ በሌላ አባል ስቴት የግል ኮሌጅ ለሚማር ልጅ፣ በፕሮግራሙ የገቡት ኮሌጆች ከትምህርት ክፍያው 10 በመቶ ይቀንሳሉ። ለሜሪላንድ አይሠራም፣ ግን እዚህ የሚያነብ ብዙ የሚኒሶታ ሰው አለ።

ሌላው፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምንም ሥራ ቢሆን የምትሠሩ ሰዎች የሰው ኃይል ቢሮውን ጠይቁ። ባለቤቴ በአንድ የግል ኮሌጅ ምግብ ቤት ነው የምትሠራው። ሰባት ዓመት ሽንኩርት ስትከትፍ የልጆች የትምህርት ክፍያ መብት እንዳላት አታውቅም ነበር። የነገረቻት የሥራ ባልደረባዋ ናት። የእሷ ኮሌጅ ቱዩሽን ኤክስቼንጅ በሚባለው ማኅበር ውስጥ ስላለ፣ ልጃችን እናቱ በማትሠራበት ሌላ ስቴት ባለ ኮሌጅ ተወዳድሮ አገኘ። ቦታው በቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ልጁ 11ኛ ክፍል ሳለ ጀምሩ።

---

ጥያቄ አለኝ (ላስ ቬጋስ) — ሴፕቴምበር 14 ቀን 2025

የጥገኝነት ጉዳያችን ገና አልተወሰነም። ልጄ ዘንድሮ ይጨርሳል። ለእኛ የሚሆን ነገር አለ?

---

የቢሮው ሰው — ሴፕቴምበር 14 ቀን 2025

ወንድሜ ወይም እህቴ፣ ፋፍሳ የሚሠራው ለዜጋ፣ ግሪን ካርድ ላለውና ሕጉ ለዘረዘራቸው ጥቂት ሌሎች ነው። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው የፌዴራል ድጋፍ አያገኝም። ለእናንተ የግል ኮሌጅ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ የራሱን ገንዘብ ለፈለገው መስጠት ይችላል። አንዳንዶቹ እንደ ውጭ አገር ተማሪ ያዩታል፣ አንዳንዶቹ አሜሪካ ውስጥ 12ኛ ክፍል የጨረሰን ልጅ እንደ አገሬው ልጅ ያዩታል። ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ለየብቻ ጻፉ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ኬንታኪ ያለውን ቤሪያ ኮሌጅንም ተመልከቱ። በ1855 የተመሠረተ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ተማሪን አብሮ ማስተማር በደቡብ በማይታሰብበት ዘመን አንድ ላይ ያስተማረ ነው። ተማሪውን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ሁሉም ተማሪ በኮሌጁ ውስጥ ይሠራል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለአፓላቺያ አካባቢ ልጆች ነው፣ ከሌላውም ዓለም ጥቂት ይቀበላል።

---

ነርስ ነኝ (ዳላስ) — ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025

«የግል» ሲባል ሁለት ዓይነት መሆኑን ካልተናገርን ሰው ይጎዳል። እስካሁን የተነጋገርንበት ለትርፍ ያልቆመው ነው። በቴሌቪዥን «ዛሬውኑ ተመዝገቡ» የሚለው ብዙ ጊዜ የትርፍ ድርጅት ነው። ኮሪንቲያን በ2015፣ አይቲቲ ቴክ በሴፕቴምበር 2016 ሲዘጉ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በር ላይ ቀርተዋል። ዲግሪ የሌለው ብድር ማለት ያ ነው። የትምህርት ሚኒስቴሩ ኮሌጅ ስኮርካርድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የኮሌጁን ስም አስገቡ፤ የግል የተባለው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ፣ ስንቱ እንደሚመረቅ፣ ተመራቂው ስንት እንደሚያገኝ ይነግራችኋል።

እኛ ደግሞ ከአገር ቤት የያዝነው አስተሳሰብ አለ። በእኛ ዘመን የሚመሰገነው ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጥብ የመጣለት ልጅ ነበር፤ የግል ኮሌጅ ነጥብ የጎደለው ከፍሎ የሚገባበት ነበር። እናቴ እህቴ የግል ዩኒቨርሲቲ እንደገባች ስትሰማ «ምን ነካት፣ ነጥብ አንሷት ነው?» ብላ አለቀሰች። ገሚሶቻችን የግሉን የምንንቀው፣ ገሚሶቻችን የሚያስተዋውቀውን ሁሉ የምናምነው ከዚያው ግራ መጋባት የተነሣ ይመስለኛል።

---

የሦስት ልጆች እናት — ኤፕሪል 3 ቀን 2026

ሰላም ለሁላችሁ፤ ብዙ ወር ጠፋሁ። ሦስት ደብዳቤ መጥቷል። ሌሎችም እንዲያዩት ቁጥሩን ልጻፈው።

የፔንሲልቬኒያው ትልቅ ፖስታ ነው፣ የሚያብረቀርቅ። ጠቅላላ ወጪው 68,400፤ «የተሰጠሽ ድጋፍ» የሚለው ደግሞ 56,240። ልጄ ዘለለች። ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ መስመር በመስመር ያነበው ጀመር፣ ቃሉን አልረሳም። ስኮላርሺፕ 30,000። ፔል ግራንት (የማይመለሰው የፌዴራል ድጋፍ) 740። የተማሪ ብድር 5,500። ከዚያ አንድ መስመር፦ የወላጅ ብድር 20,000። በእኔና በእሱ ስም የምንበደረውን እነሱ እንደሰጡን አድርገው ደምረውታል! ብድሩን ስናወጣው የሚቀርብን 37,660 ነው። በየዓመቱ 20 ሺህ ብንበደር ደግሞ ከዘንድሮ ጁላይ ጀምሮ የወላጅ ብድር ለአንድ ልጅ ከ65 ሺህ ስለማያልፍ አራተኛው ዓመት ላይ ይጎድለናል። ልጄ እስክሪብቶ አንሥታ ራሷ ሰረዘችው።

የስቴታችን ዩኒቨርሲቲ ጠቅላላ 32,500፣ ድጋፉ 9,240፣ የሚቀረው 23,260።

የኦሃዮው ጠቅላላ 79,600። የኮሌጁ ስጦታ 58,900፣ ፔል 740። የሚቀረው 19,960። ብድሩንና የግቢ ሥራውን ለብቻ ነው የጻፉት፤ አልደባለቁም።

ከራሳችን ስቴት በዓመት 3,300 ዶላር ያንሳል። መንገዱና ሌላው ሲጨመር ግን ልዩነቱ ያልቃል። ምን ትሉኛላችሁ?

---

የቢሮው ሰው — ኤፕሪል 3 ቀን 2026

እንኳን ደስ አላችሁ! ገና አላለቀም። ለኦሃዮው ይጻፉ። ፋፍሳ ለእናትዎ የሚልኩትን ገንዘብ አያውቅም፣ አብራችሁ ስለማትኖር ከቤተሰቡ ቁጥር አትገባም። የኮሌጁ ቢሮ ግን ሰው ነው የሚሠራበት። የአንድ ዓመት የሐዋላ ደረሰኝ ሰብስቡ፣ የሕክምና ወረቀት ካለ ጨምሩ፣ ከ2024 ወዲህ ገቢ ከቀነሰም አስረዱ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። «ልጃችን የመጀመሪያ ምርጫዋ እናንተ ናችሁ፤ በዓመት ይህን ያህል መክፈል እንችላለን» ብላችሁ ቁጥር ጻፉ። ልመና አይደለም፤ እኔ እዚያ ወንበር ላይ ሳለሁ ቁጥርና ደረሰኝ ይዞ የመጣን ቤተሰብ ባዶ እጁን መመለስ ይከብደኝ ነበር።

ሌላም ጠይቋቸው፦ ሁለተኛው ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ድጋፉ ይስተካከላል ወይ? ፋፍሳ ይህን መቁጠር ካቆመ ሰንብቷል፤ ፕሮፋይል ከሚጠቀሙት ብዙዎቹ ግን አሁንም ያዩታል። እናንተ ሦስት ልጆች አላችሁና ይህ መልስ ከዘንድሮው 3,300 ዶላር ይበልጣል።

---

የሦስት ልጆች እናት — ኤፕሪል 24 ቀን 2026

መልስ መጣ። ደብዳቤውን ልጄ ጻፈችው፣ እኔ የ12 ወር የሐዋላ ደረሰኝና የእናቴን የሆስፒታል ወረቀት አስተርጉሜ አያያዝኩ። 4,200 ዶላር ጨመሩ። የሚቀረው 15,760 ሆነ፤ የእሷ ብድር 5,500፣ የግቢ ሥራዋ 2,500፣ ከእኛ ኪስ 7,760። ስለ ሁለተኛው ልጅ «አዎ፣ እናስተካክላለን» ብለው በኢሜይል ጽፈውልናል፤ አትሜ ከልደት የምስክር ወረቀቶቻችን ጋር አስቀምጬዋለሁ። የሥራ ቦታዬን መድኅን ደውዬ አጣራሁ፤ ከተማው ውስጥ የሚቀበል ሆስፒታል አለው። ጋሼ አሽከርካሪ፣ የነጥቡንም ጠይቀናል፤ ለመቀጠል የሚያስፈልጋት የማለፊያው 2.0 ነው።

ትናንት ማታ ቦታዋን ለመያዝ ከፈልን። ልጄ ለእናቴ ስልክ ስትደውልላት «ኦሃዮ ከእናትሽ ቤት ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ነው የጠየቀቻት።

---

አሽከርካሪው — ኤፕሪል 25 ቀን 2026

እሰይ እህቴ! 2.0 የሚለውን ሳነብ ትንፋሼ ተመለሰ።

ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ ወደ ኮሎምበስ አካባቢ ከሆነ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። በ270 ወጥታችሁ በ70 ወደ ምዕራብ፣ ብሪዝዉድ ላይ ፔንሲልቬኒያ ተርንፓይክ ወደሚባለው የሚከፈልበት መንገድ ትገባላችሁ። እዚያ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ኢዚፓስ የሚባለው መኪና ላይ የሚለጠፍ የመንገድ መክፈያ ከሌላችሁ በፖስታ የሚመጣው ሂሳብ ይወደዳል። ኒው ስታንተን ላይ ትወጡና እንደገና በ70 ትቀጥላላችሁ። የእናንተ መኪና አምስት ሰውና የዶርም ዕቃ አብሮ አይችልም። እኔ ሰፊ ቫን አለኝ፤ ኦገስት ላይ የመግቢያዋን ቀን በግል መልእክት ላኪልኝ፣ ዕቃውን እኔ እጭናለሁ።